አሮጌ ብስክሌት እንዴት ይመረመራል?

አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ጥርሷን ያያሉ፣ ኮቴዋን ይዳስሳሉ፣ ጥቂት አስሮጠው እርምጃዋን ይመለከታሉ። ሻጩ ስለ ዘሯ የሚያወራውን ሁሉ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ «እሱስ ይሁን፣ እስቲ ትራመድ» ይላሉ። ብስክሌት ገዥ ግን ብዙውን ጊዜ ቀለሙንና አንገቱ ላይ ያለውን ምልክት አይቶ ኪሱን ይፈታል። ለመሆኑ ብስክሌት ከበቅሎ በምን ያንሳል?

ይህን ጉዳይ እንድናነሣ ያደረገን ምክንያት አለ። ለማስተማር ልምምድ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት የተመደብን ሦስት እጩ መምህራን ገንዘብ አዋጥተን አንድ አሮጌ ብስክሌት ለመግዛት ተስማማን። ገንዘቡ ከየቤተሰባችን በቆሎና ጤፍ ተሸጦ የመጣ ስለሆነ፣ ቢባክን የሚተካው የለም። ስለዚህ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ብስክሌት ጠጋኞች ዘንድ እየዞርን ስንጠይቅና ስንለካ ዋልን። ያገኘነውን እነሆ ለባልደረቦቻችን እናካፍላለን።

ከሁሉ በፊት ሁለት ጥያቄዎች መለየት አለባቸው። አንደኛው፣ «ይህ ብስክሌት የየት አገር፣ የመቼ ነው?» የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ «ነገ ጠዋት ጭቃውን አልፎ ያደርሰናል ወይ?» የሚለው ነው። ብልጥ ሻጭ የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሶ የሁለተኛውን ገንዘብ ይቀበላል።

መለየቱን እንመልከት። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና፣ ኩሽኔታና ፓራፋንጎ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ይሁን እንጂ የዕቃው ስም ጣሊያንኛ ስለሆነ ብስክሌቱ የጣሊያን ነው ማለት አይደለም። ቢያንኪ እ.ኤ.አ. በ1885 በሚላኖ፣ ራሌ በ1887 በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም፣ ፍላይንግ ፒጅን በ1950 በቻይና ቲያንጂን፣ ሂሮ በ1956 በሕንድ ሉዲያና የተመሠረቱ ናቸው። የሕንዱና የቻይናው ከባዱ ብስክሌት የድሮውን የእንግሊዝ አሠራር የተከተለ ነው። ፍሬኑ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ ይሠራል፤ ጎማውም ትልቁ ባለ 28 ኢንች ነው። ከሩቅ ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ። አንገት ላይ ያለው ምልክት ደግሞ በሁለት ትንንሽ ምስማሮች የተያዘ ስለሆነ ተነቅሎ ሌላ ይተካበታል።

ታዲያ በምን ይታወቃል? የቸርኬውን ሽቦዎች መቁጠር ይረዳል። በድሮው የእንግሊዝ አሠራር የፊቱ 32፣ የኋላው 40 ሲሆን፣ በጣሊያኖቹ ዘንድ የተለመደው ከፊትም ከኋላም 36 ነው። ባለ ሦስት ማርሽ የእንግሊዝ ብስክሌት ከሆነ፣ በኋላው ጎማ እምብርት ላይ ስተርሚ አርቸር የሚል ጽሑፍና የተሠራበት ዓመት ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል፤ 60 ቢል እ.ኤ.አ. 1960፣ በእኛ 1952 ዓ.ም. ገደማ ነው። ግን ልብ በሉ! ጎማ ይቀያየራል። ቁጥሩ የእምብርቱን ዕድሜ እንጂ የመላ ብስክሌቱን አይመሰክርም። ስለዚህ ሁለት ሦስት ምልክቶች ካልተስማሙ ማመን የለብንም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ፣ ክርና ማስመሪያ ይበቃል። ክሩን ከኋላ ጎማ ማሰሪያ በአንዱ ወገን አስረን፣ በመሪው አንገት አዙረን፣ በሌላው ወገን ወዳለው ማሰሪያ እንመልሳለን። ከመቀመጫው ቱቦ እስከ ክሩ ያለው ርቀት በግራና በቀኝ እኩል ካልሆነ አካሉ ጠሟል። ከመሪው አንገት በታች ቀለሙ ተሸብሽቦ ከታየ ደግሞ ከፊት በኩል ተጋጭቷል ማለት ነው። የካቴና አንዱ ዐይን ከሌላው ግማሽ ኢንች ስለሚርቅ፣ 24ቱ 30.5 ሳንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት። 30.8 ከደረሰ ተበልቷል፤ ጥርሱንም ይበላዋል። ጎማውን ይዘን ወደ ጎን ስንነቀንቀው ከተወዛወዘ ኩሽኔታው ላልቷል። የብረት ቸርኬ ሲረጥብ ፍሬን በጣም ይደክማልና፣ ፍሬኑን በውኃ አርጥቦ መሞከር የክረምቱን ቁልቁለት አስቀድሞ ማየት ነው።

ይህ ሁሉ በቡሬ ተፈተነ። አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን ብስክሌት በብረት ዋጋ ሊሸጡልን አወጡ። አቧራውን ስንጠርግ፣ ካቴናውን የሚጎትተው ትልቁ ጥርስ ላይ ረጅም አንገት ያላት ወፍ ምስል ታየ፤ የራሌ ምልክት ነው። እምብርቱ ላይ 60 ተቀርጿል፣ ሽቦውም 32 እና 40 ነው። ክሩን ስንዘረጋ አካሉ ቀጥ ያለ ነው፤ የፊት ሹካው ግን ጠሟል። የፔዳሉ መዞሪያ ጥርሱም የራሌ ብቻ የሆነው በኢንች 26 እንጂ የሌሎቹ እንግሊዞች 24 ስላልሆነ፣ መለዋወጫ እዚህ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ከእኛ አንዱ፣ «ዝም ብለን እንክፈልና እንሂድ፣ ባሕር ዳር ወስደን እናተርፍበታለን» አለ። ሌላው፣ «ነገ ልጆቻቸውን ልናስተምር አይደለም እንዴ?» ብሎ መለሰ። ተከራክረን ሁለቱንም እውነት ነገርናቸው። «እማማ፣ የጥንት ዕቃ ለሚሰበስብ ሰው ዋጋ አለው፤ በብረት ዋጋ አይስጡት። ለመንገድ ግን እንዲህ እንዳለ አይሆንም» አልናቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እንግዲያስ ይቀመጥ፣ የእሱ ነገር ነው» ብለው አስገቡት፤ ቡናም አጠጡን። ባዶ እጃችንን ተመለስን።

በኋላ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ቀለሙ የተላጠ፣ ምልክቱም የወለቀ አንድ የሕንድ ብስክሌት ገዛን። ክሩ በግራም በቀኝም እኩል ነበር። ካቴናው 30.9 ስለሆነ የአዲስ ካቴና ሒሳብ ከዋጋው አስቀነስን። ሻጩም ማስመሪያውን አይቶ ብዙ አልተከራከረም።

ባልደረቦቻችን፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ነገ የምንመዝነው ብስክሌት ብቻ አይደለም፤ የማን ልጅ ነው እና ምን ይችላል የሚባሉት ጥያቄዎች በክፍል ውስጥም ይደባለቃሉ። መለየት አንድ ነገር፣ መመዘን ሌላ ነገር ነው። የመዘንነውንም ሳንደብቅ ለባለቤቱ እንንገር። ክርና ማስመሪያ ከኪሳችን አይጥፋ።