አያት፣ የልጅ ልጅ እና የጣሊያን ባሕር

«አባዬ፣ ዘንድሮ ከልጆቹ ጋር ጣሊያን ብትገናኙስ?» አለችኝ ልጄ ከዋሽንግተን ደውላ። ጥያቄ አስመስላ ተናገረችው እንጂ የአውሮፕላኑን ዋጋ ሳይቀር አጣርታ እንደነበር ኋላ ነው የገባኝ። የዛሬ ልጆች የሚያማክሩት ከወሰኑ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት የልጅ ልጆች አሉኝ። ትልቋ 16 ዓመቷ ነው፤ ታናሹ 14። አሜሪካ ተወልደው እዚያው ያደጉ ናቸው። አማርኛ ሲነገር ግማሹ ይገባቸዋል፤ ራሳቸው ሲናገሩ ግን «አባባ፣ እማማ፣ ደህና ነኝ» ላይ ያበቃል። የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ የመሥሪያ ቤት እንግሊዝኛ ነው፤ ለደብዳቤ እንጂ ለጨዋታ አይመችም። በስልክ ስንገናኝ ፈገግ ብለን እንተያይ እንተያይና «ቻው» ተባብለን እንዘጋለን። እናታቸውን ያሳሰባት ይኼው ነው። ለ10 ቀን እሷም ባሏም በሌሉበት ከእኛ ጋር እንዲሆኑ ትፈልጋለች። እሷ አምጥታ ታስረክበናለች፤ አባታቸው መጥቶ ይረከበናል፤ ልክ እንደ ንብረት ክፍል።

«ታዲያ ለምን አዲስ አበባ አይመጡም?» አልኳት።

«ባሕር ይፈልጋሉ፣ አባዬ። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ደግሞ በእናንተ ክረምት ነው።»

እውነቷን ነው። የአዲስ አበባ ባሕር በክረምት ሰማይ ላይ ነው። ሮም ደግሞ ከዋሽንግተንም ከአዲስ አበባም ቀጥታ በረራ አላት። ከሮም ናፖሊ በፈጣኑ ባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። ከናፖሊ በታች ያለው የባሕር ዳርቻ ማን እንደሆነ ደግሞ ፎቶ አይቶ የማያውቅ የለም።

ስልኩን ዘግቼ ለባለቤቴ ስነግራት ቡና እየቆላች ነበር።

«የት?» አለች።

«ጣሊያን።»

እጇ ብረት ምጣዱ ላይ ቆመ። «እኔ? ለጣሊያን ገንዘቤን ከፍዬ?» አለችና መቁላቷን ቀጠለች። የዚያን ዕለት ቡናው አረረ።

አልፈረድኩባትም። የአባቷን ታላቅ ወንድም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከቤት ወስደዋቸው በዚያው ቀርተዋል። አስከሬን አልተገኘም፤ መቃብር የለም። አባቷ ያኔ የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። እስኪሞቱ ድረስ በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን እህል አይቀምሱም ነበር። ባለቤቴ ያደገችው ያንን ባዶ ገበታ እያየች ነው። አንድ ጊዜ «ይኼ ሁሉ አለፈ እኮ» ብዬ ነበር። «ያለፈማ ቢሆን በ2012 እ.ኤ.አ. አፊሌ ላይ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ባላቆሙለት» አለችኝ። እውነት ነው፤ ከሮም ወጣ ብላ ባለችው በዚያች ከተማ አቁመውለታል። ዝም አልኩ።

ቢሆንም ዕቅዱን መሥራት ጀመርኩ። ጡረተኛ ሥራ ሲያገኝ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ካርታ ገዛሁ፤ ደብተር አዘጋጀሁ፤ በሦስት ቀን ውስጥ የ10 ቀኑን ጉዞ በሰዓት በሰዓት ከፋፈልኩት። «ቀን 1፦ በ12 ሰዓት መነሳት። በ1 ሰዓት ቁርስ። በ2 ሰዓት ሙዚየም።» ፎቶ አንስቼ ላክሁላቸው።

እሑድ ስንገናኝ የልጅ ልጆቼ ፊት በርቶ ጠበቀኝ። እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። እናታቸው ሳቋን እየታገለች ተረጎመችልኝ። «አባዬ፣ 12 ሰዓት መነሳት ሲል እኩለ ቀን መስሏቸው ነው። ‹አባባ ይገባዋል› እየተባባሉ ነው።»

ለካ የእኛ 12 ሰዓት የእነሱ 6 ሰዓት ነው። እውነቱ ሲነገራቸው የሁለቱም ፊት ወደቀ። ትልቋ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለች። «ይኼ ጉዞ ነው ወይስ ትምህርት ቤት?» ማለቷ ነው።

ተናደድኩ፤ አልዋሻችሁም። በእኔ ዘመን አያት የጻፈውን የልጅ ልጅ አያርምም። ግን ማታ ደብተሬን ዳግመኛ ሳነበው እውነትም ትምህርት ቤት ነው። በ10 ቀን ውስጥ 14 ሙዚየምና አብያተ ክርስቲያናት ደርድሬያለሁ። ባሕር የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም «በባሕር ዳር ማለፍ» ይላል።

በሚቀጥለው እሑድ አዲስ ደንብ ይዤ ቀረብኩ። እያንዳንዱ ሰው የራሱ የሆነ ቀን ይኖረዋል። በዚያ ቀን የት እንደሚኬድ የሚወስነው ባለቀኑ ብቻ ነው፤ ሌላው ሳያጉረመርም ይከተላል። ማጉረምረም የፈለገ በራሱ ቀን ያጉረምርም። የቀሩት ቀናት የባሕርና የእንቅልፍ ናቸው።

ትልቋ ወዲያው «ፖዚታኖ» አለች። ቤቶቹ ከገደሉ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ልብስ የሚታዩባት ከተማ ናት። አየኋት፤ ታምራለች። ችግሩ ሁሉም ነገር ደረጃ መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ ጉልበቴን ካማረርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። በመኪና እንዳንሄድ የአማልፊ የባሕር ዳር መንገድ ከገደል ተቀርጾ የወጣ ጠባብ ጥምዝምዝ ነው። ሁለት አውቶቡስ ሲገናኝ አንዱ ወደ ኋላ ይመለሳል አሉ። መኪና የመከራየቱን ሐሳብ የዚያኑ ዕለት ሰረዝኩት።

መፍትሔውን ያገኘችው ራሷ ናት። በፖዚታኖ ፋንታ ሳሌርኖ እንደር አለች። ሳሌርኖ የባሕር ዳር መንገዷ ሜዳ ነው፤ ከናፖሊ በባቡር 40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ የአልቤርጎውም ዋጋ ከፖዚታኖ ጋር አይወዳደርም። ከወደቧ በበጋ ወደ አማልፊና ወደ ፖዚታኖ ጀልባ ይነሳል። እሷ ደረጃውን ትወጣለች፤ እኔ ታች ካለው ካፌ ተቀምጬ ማኪያቶዬን እጠጣለሁ። ከተማዋ ደግሞ የምታምረው ከባሕር ላይ ስትታይ ነው። የ16 ዓመት ልጅ ስለ ጉልበቴ ማሰቧን ሳይ ስለ 12 ሰዓቱ ያለችኝን ይቅር አልኳት።

የታናሹ ቀን ናፖሊ ሆነ። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ማራዶና። ከ1984 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. እዚያ ተጫውቷል። ከሞተ በኋላ በ2020 እ.ኤ.አ. ስታዲየሙ በስሙ ተሰይሟል። ልጁ ማራዶናን በሕይወት የሚያውቀው አይደለም፤ ፊልሙን አይቶ ነው። እኔ ግን የ1986ቱን የዓለም ዋንጫ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ ቴሌቪዥን ሲያይ እዚያው ነበርኩ። ይህንን በመሥሪያ ቤት እንግሊዝኛዬ ነገርኩት። ዓይኑን ስልኩ ላይ አድርጎ ሲያዳምጠኝ የነበረው ልጅ ቀና አለ። «አባባ፣ በእጁ ያገባውን አየኸው?» አየሁት እንጂ!

ከዚያ ወዲህ ከእሱ ጋር ወሬ አላጣንም። ጣሊያንኛ በስልኩ እየተማረ ነው። አንድ ቀን «መኪና በጣሊያንኛ ምን እንደሚባል ታውቃለህ?» አለኝ። «ማኪና» አልኩት። ገረመው። «ጎማስ?» «ጎማ።» «ፍሬንስ?» «ፍሬኖ።» ጣሊያንኛ ሳልማር ከየት እንዳወቅሁት አልገባውም። ጋራዥ ገብቶ መኪና ያሠራ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ግማሽ ጣሊያን መሆኑን አስረዳሁት፤ ካቻቢቴ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ። ፓስታና ፉርኖ፣ ቦርሳና ፋብሪካ ጨመርኩለት። ሃያ አምስት ደቂቃ አወራን። ከተወለደ ጀምሮ ይህን ያህል አውርተን አናውቅም።

ባለቤቴ ከወዲያ ሆና ትሰማለች። «ሰዉን ወስደው ቃሉን ትተውልን ሄዱ» አለች።

ልጁ «እማማ ምን አለች?» አለኝ። ምን ልበለው? እናቱን አየኋት። እሷም እኔን አየችኝ። ለካ አልነገረቻቸውም። እኛም እሷን በወጉ አልነገርናትም ነበር፤ «የአያትሽ ወንድም በጣሊያን ጊዜ ሞቱ» ብለን ነው ያለፍነው። የምናውቀውን ነገር ልጆቻችን ከአየር ላይ የሚያገኙት እየመሰለን ስንቱን ሳንነግራቸው ቀርተናል!

የዚያን እሑድ ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ነገረቻቸው። በአማርኛ፣ ሳትቸኩል። ልጄ አረፍተ ነገር በአረፍተ ነገር እየተረጎመች፤ አንዳንዴም መተርጎሙ እየከበዳት። ስለ ባዶው ገበታም ነገረቻቸው። ስትጨርስ ትልቋ ለጊዜው ምንም አላለችም። ከዚያ «እንግዲያው መሄድ የለብንም?» ብላ ጠየቀች።

ባለቤቴ ብዙ አሰበች። «ሂዱ» አለች። «እኔን ግን ጣሊያን ሁሉ ጥሩ ነው በይ አትበሉኝ።»

የእኔን ቀን የወሰንኩት ያኔ ነው። ፖንዛ።

ፖንዛ በሮምና በናፖሊ መካከል፣ ከባሕሩ ዳርቻ ራቅ ብላ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ዛሬ ሰው የሚሄድባት ለዋና ነው። በፋሺስት ዘመን ግን የግዞት ቦታ ነበረች። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ላይ ተከበው ከተያዙ በኋላ የተጋዙት እዚያ ነው። እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ ፋሺዝምን የተቃወሙ ጣሊያኖችም እዚያው ታስረዋል። ከነዚያ አንዱ ሳንድሮ ፔርቲኒ በ1978 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆኗል። የእግዜር ሥራ ደግሞ የሚታየው ቀጥሎ ነው። በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሥልጣን ተገልብጦ ሲያዝ ወደ ፖንዛ ተወሰደ። ያስቀመጡት ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት እንደሆነ ተጽፏል። ራስ እምሩ በዚያው በ1943 እ.ኤ.አ. ተፈቱ፤ ወደ አገራቸውም ገቡ።

ለልጆቹ የማሳያቸው ይኼንን ነው። ሐተታ አላበዛም፤ ሁለት ሰው የታሰረበትን አንድ ደሴት አይተን እንዋኛለን። ከሳሌርኖ ደርሶ መልስ ስለማይሆን በባቡር ፎርሚያ ወርደን በመርከብ እንሻገርና አንድ ሌሊት እናድራለን። ባለቤቴ ይህንን ሰምታ ምንም አላለችም። ማታ ግን «ቤቱ አሁንም ቆሟል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ከዚያ ልጄ ጉዞውን ለነሐሴ አጋማሽ ልትቆርጠው ስትል ባለቤቴ ከማጀት ጮኸች። «ፍልሰታን ጣሊያን አገር አልጾምም!»

እኔና ልጄ ተያየን። የማይሄድ ሰው የት እንደሚጾም ምን አስጨነቀው?

«ታዲያ መቼ ይሁን፣ እማዬ?» አለች ልጄ ቀስ ብላ።

«የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በመካከሉ አድርጉታ!»

ሐምሌ ሆነ። ደግሞም ጠቀመን፤ በጣሊያን ነሐሴ አጋማሽ አገር ምድሩ ባሕር ዳር የሚወርድበት፣ ዋጋውም የሚሰቀልበት ሰሞን ነው። ረቡዕና ዓርብም መላ አግኝቷል። ናፖሊ ውስጥ ማሪናራ የሚባል ፒዛ አለ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ያለበት፤ አይብ የለውም። ባለቤቴ «የጾም ፒዛማ ካላቸው» ብላ ዝም አለች።

አሁን የቀረን ቪዛ ነው። የልጅ ልጆቼ አሜሪካውያን ስለሆኑ ቪዛ አያስፈልጋቸውም፤ ፓስፖርታቸውን ይዘው መግባት ነው። እኛ ግን አልቤርጎ መያዛችንን፣ የባንክ ደብተራችንን፣ የ30 ሺህ ዩሮ የጤና መድን፣ ተመልሰን እንደምንመጣ የሚያሳይ ማስረጃ እናቀርባለን። ለእያንዳንዳችን 90 ዩሮ ከፍለን እንጠብቃለን። በ2024 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን ላይ ባጠበቀው ደንብ መሠረት 15 ቀን የነበረው የመልስ ጊዜ 45 ቀን ሆኗል። ያኔ እነሱ አገራችን ሲገቡ ማንን ቪዛ ጠይቀው እንደነበር ባለቤቴ መጠየቋ አልቀረም። ፎርሙ ላይ ግን ለዚህ የተተወ ቦታ የለም። ቀጠሯችን የፊታችን ሐሙስ ነው።

ባለፈው እሑድ ታናሹ «ቢከለክሏችሁስ?» ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም ያሰብነውን፣ ማንም ያላነሳውን ነገር ነው ያነሳው። ማንም አልመለሰለትም። ማታ ግን የጋራ ዕቅዳችን ከእህቱ ተሻሽሎ መጣልኝ። ከታች አንድ መስመር ጨምራበታለች፤ ፊደሉን ከእናቷ ጠይቃ፣ በራሷ እጅ፣ በአማርኛ። «ከተከለከሉ፦ አዲስ አበባ። ጃንጥላ።»

ለባለቤቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ አየችው፤ አውልቃ ጠርጋ ደግማ አየችው።

«አሁን እንግዲህ ስለቱን ለየትኛው ልሳል?» አለችኝ።