ከላይ ያለው ሰው

የዙህር ሰላት የደረሰብን ፍኖተ ሰላም አጠገብ፣ ላህ ወንዝ ዳር ነበር። ከበላያችን አንድ ሾፌር መኪናውን ያጥባል፤ ከበታቻችን አንዲት ልጅ በጀሪካን ትቀዳለች። እኛ ከመኪናው በላይ ወጥተን ዉዱእ አደረግን። ልጅቷ የሞላችውን አዝላ ሄደች፤ ዝም ማለቴ ዛሬም ይጸጽተኛል።

ወደ ቡሬ ስንጓዝ የበቆሎው ማሳ እስከ ጅረቱ አፋፍ ታርሷል። የክረምት ጎርፍ አፈሩንና ማዳበሪያውን ጠርጎ ውኃው ውስጥ ይከተዋል። ማዳበሪያ በቆሎን እንደሚያፋፋ አልጌንም ያፋፋል፤ አልጌው ሲበሰብስ የውኃው ኦክስጅን ያልቅና ዓሣው ይታፈናል። ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭም የሚፋፋው በዚሁ ነው።

ላህ ወደ ብር፣ ብር ወደ ዓባይ ይፈሳል። ውድ አንባብያን! ሁላችንም ለሌላው ከላይ ያለን ሰዎች ነን። መኪናችንን ከወንዝ ርቀን እንጠብ፤ የጅረቱንም ዳር ሣሩን ሳናርስ እንተውለት።