የሚያውቀኝ ሰው

እያንዳንዱ ቋንቋ ለወዳጅ ስም ሲያወጣ፥ ከወዳጅነት ነገር አንዱን መርጦ በስሙ ላይ ያኖረዋል። በእኛ ዘንድ ወዳጅ ከመውደድ የወጣ ነው፤ ባልንጀራ ያልንም እንደ ሆነ፥ ሽማግሌዎች እንደሚፈቱት፥ እንጀራን አብሮ የቆረሰ ማለታችን ነው። ቻይናውያን ግን ከወዳጆች ሁሉ በላይ ለሆነው ወዳጅ «ዥጂ» የሚል ስም አላቸው፤ ፍቺውም ቃል በቃል «እኔን የሚያውቅ» ማለት ነው። ፍቅርም እንጀራም በቃሉ ውስጥ የሉም፤ ማወቅ ብቻ አለ። ለዚህም የሚጠቅሱት ጥንታዊ ምሳሌ የባለ አውታሩ ደርዳሪ የቦ ያ ታሪክ ነው። ቦ ያ ተራራ አስቦ ሲደረድር ወዳጁ ጆንግ ዝቺ ተራራውን፥ ወንዝ አስቦ ሲደረድር ወንዙን ይሰማ ነበር፤ ሰሚው በሞተ ጊዜም ደርዳሪው አውታሩን በጥሶ ዳግመኛ አልመታም ይባላል።

እኔ ቃሉን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቴሌቪዥን ድራማ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የእኅቴ ልጅ በክረምቱ ዕረፍት «ሻን ኸ ሊንግ» የተባለውን የቻይና ድራማ 36ቱንም ክፍል በስልኳ ላይ፥ በእንግሊዝኛው የግርጌ ጽሑፍ እየተከተለች ጨረሰችና እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመረች። እናቷ የድራማውን ወሬ ከጎረቤት ሰምታ ኖሮ፥ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ «አንተ የቤተ ክርስቲያኑንም የዘመናዊውንም ተምረሃል፤ እስቲ ተመልክተህ ንገረኝ፤ ልከልክላት ወይስ ልተዋት?» አለችኝ። ሳያዩ መፍረድ በተማሪዎቼም ላይ የማልወደው ነገር ስለ ሆነ፥ ከልጅቷ ጋር ተቀምጬ በሦስት ሳምንት ውስጥ ማታ ማታ አየሁት።

ነገሩ «ዉሺያ» ከሚባለው የድርሰት ወገን ነው። ዉ ማለት የጦር ጥበብ፥ ሺያ ማለት ደግሞ ሹመት ሳይኖረው ለተበደለ የሚቆም ሰው ነው። እነዚህ ሰይፈኞች የሚኖሩበትን ዓለም «ጂያንግሁ» ይሉታል፤ ወንዞችና ሐይቆች ማለት ነው፤ ከቤተ መንግሥትና ከዳኛ እጅ ውጭ ሆኖ በመሐላና በዝና የሚገዛ ዓለም ነው። ድራማው «ዮኩ» በተባለው የቻይና የቪዲዮ ድርጅት በኩል በፌብሩዋሪ 2021 በፈረንጆች አቆጣጠር መታየት ጀመረ፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም፥ ካላልሁ በቀር፥ እንደዚያው ናቸው። የተወሰደው «ቲየን ያ ከ» ከተባለ ልቦለድ ሲሆን፥ የደራሲዋ የብዕር ስም «ፕሪስት» ነው፤ በእንግሊዝኛ ካህን ማለት ነው። ስሙ ማንንም እንዳያሳስት፤ ልቦለዱ ስለ ክህነት የሚናገረው የለም።

ጆው ዙሹ የሚባለው ሰው ለአንድ መስፍን የሚያገለግል፥ «የሰማይ መስኮት» የተባለ የሰላዮችና የነፍሰ ገዳዮች ማኅበር አለቃ ነው። በአንድ መምህር ሥር አብረውት የተማሩትን 81 ወንድሞቹን ይዞ ወደዚህ አገልግሎት ገባ፤ ሁሉም አለቁ። ከማኅበሩ በሕይወት መውጣት የሚቻለው በአንድ ዋጋ ብቻ ነው፤ ሰባት ምስማር በሰውነት ላይ ይመታል፤ የተመታበትም ሰው ሕዋሳቱ አንድ በአንድ እየደነዘዙ ከሦስት ዓመት በላይ አይኖርም። አለቃው ይህን ቅጣት በሌሎች ላይ ሲያስፈጽም ኖሮ፥ በመጨረሻ በራሱ ላይ ፈጸመው። ከዚያም መልኩን ለውጦ፥ የታመመ ለማኝ መስሎ፥ የቀረችውን ዘመን ሊዞርባት ወጣ።

እኔን የያዘኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ዌን ከሺንግ የተባለው ባለጠጋ መሳይ ሰው ከመጠጥ ቤት ሰገነት ላይ ተቀምጦ ሳለ፥ አብራው ያለችው ጉ ሺያንግ የምትባል ልጅ በመንገድ ዳር የተቀመጠውን ለማኝ ታያለች። የሚለምንበት ዕቃ እንኳ የሌለው ሰው ምን እያደረገ እንደ ሆነ ግራ ይገባታል። ዌን ከሺንግ ግን አንድ ጊዜ ተመልክቶ፥ ሰውየው ፀሐይ እየሞቀ መሆኑን ይነግራታል። ሌላ ምንም የለም። ፀሐይ መሞቅ ምን እንደ ሆነ ለደጋ አገር ሰው ማስረዳት አያሻም፤ ነገር ግን ሞት የተቆረጠበት ሰው የቀረችውን ሙቀት በቆዳው እየቆጠረ መሆኑን መንገደኛው ሁሉ ሳያይ አልፎ፥ አንድ እንግዳ ሰው ከሰገነት ላይ አየለት። የቀረው 34 እና 35 ክፍል ሁሉ የዚህች እይታ ማብራሪያ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

አዋቂው ደግሞ ራሱ ተሸሽጓል። ዌን ከሺንግ «የመናፍስት ሸለቆ» የሚባለው የወንጀለኞች መሸሸጊያ ጌታ ነው፤ በሕፃንነቱ ወላጆቹ፥ ሐኪሞች ነበሩ፥ ጻድቃን ነን በሚሉ ሰይፈኞች ምክንያት ጠፍተውበት በሸለቆው ውስጥ አደገ፤ አሁን የወጣው ሊበቀል ነው። እንግዲህ አንዱ ሞቱን ይደብቃል፥ ሌላው ማንነቱን ይደብቃል፤ እየተቀላለዱና እየተጣሉ አንዱ የሌላውን መሸፈኛ ያነሣል። በመካከላቸው ቤተ ሰቡ ያለቀበት ጃንግ ቼንግሊንግ የሚባል ብላቴና አለ፤ ትምህርት ቶሎ የማይገባው፥ ግን መምህሩን የማይለቅ። ይህን ልጅ ከሁሉ አስበልጬ ወደድሁት፤ በሃያ ዓመት የማስተማር ሥራዬ እንዲህ ያለውን ልጅ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁና። ስለ ተሰበረው የመስተዋት ጋሻና ስለ ተደበቀው የጦር ዕቃ ግምጃ ቤት የሚናገረው ክፍል ግን እጅግ የተወሳሰበ ነው፤ ሰዎቹ በሽቦ ተስበው በዛፍ ላይ ሲበሩም ልጅቷ ሳታይ ፈገግ ብያለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ግድም «ጋሼ፥ እነዚህ ሰዎች ወዳጆች ናቸው ወይስ ፍቅረኞች?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን እያወቀች ልትፈትነኝ እንደ ጠየቀችኝ ከዓይኗ አስታወቀችኝ። በልቦለዱ ፍቅረኞች ናቸው፤ ደራሲዋም አልደበቀችውም። ልቦለዱ «ዳንሜይ» ከሚባለው ወገን ነው፤ ይኸውም የሁለት ወንዶችን ፍቅር የሚተርክ፥ በብዛት ሴቶች ለሴቶች የሚጽፉት ነው። በድራማው ውስጥ ግን ስማቸው ዥጂ ሆነ፤ የቻይና ሕግ እንዲህ ያለውን ፍቅር በቴሌቪዥን ማሳየትን ከልክሏልና። በ2016 ይህን ፍቅር በግልጥ ያሳየ አንድ ድራማ ሳያልቅ ከኢንተርኔት እንዲወርድ ተደርጓል፤ ከዚያ በኋላ የመጡት፥ በ2019 ብዙ ተመልካች ያገኘው «ቼን ቺንግ ሊንግ» ጭምር፥ ነገሩን በወንድማማችነት ልብስ ሸፈኑት።

ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ነገር የምታስተምረውን የዚህ መጽሔት አንባቢ ያውቀዋልና አልደግመውም፤ ለልጅቷም አልሸሸግኋትም። ነገር ግን ትምህርቱን እንጠብቃለን ብሎ ድርሰቱ የሚለውን «አይልም» ማለት የንባብ ሥርዓት አይደለም። መምህራኖቻችን መጀመሪያ ንባቡን ሳናስተካክል ወደ ትርጓሜው እንዳንገባ ይከለክሉን ነበር። ለእኅቴም የነገርኋት ይህንኑ ነው፤ ከከለከልሻት ብቻዋን ታየዋለች፥ አብረሻት ከተቀመጥሽ ግን ትጠይቅሻለች አልኋት። እኅቴ በመልሱ ደስ አላላትም፤ ተቀምጣ ግን ሁለት ክፍል አይታለች።

የከንፈሩን ነገር ያሳየችኝ ልጅቷ ናት። በቻይና የታሪክ ልብስ የሚለበስበት ድራማ በአብዛኛው ድምፁ የሚሞላው ከቀረጻው በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከተዋናዩ ሌላ የሆነ ባለ ድምፅ ይናገርለታል። በ«ሻን ኸ ሊንግ» አንዳንድ ቦታ የተዋናዩ ከንፈር የሚለውና ጆሮ የሚሰማው አይገጥሙም። ቻይንኛ የሚያውቁ ተመልካቾች ከንፈሩን እያነበቡ ቀድሞ የተነገረውን ቃል ፈልገው አወጡ፤ ከንፈሩ ከድምፁ ይልቅ ደፋር ሆኖ ተገኘ። ቅኔ ለተማረ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ ሰሙ በድምፅ፥ ወርቁ በከንፈር ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ባለ ቅኔ ሰሙን ራሱ ያቀልጣል፥ ወርቁንም ራሱ ያፈሳል፤ መሸሸጉ ጥበቡ ነው። እዚህ ግን ሰሙን በላዩ ያፈሰሰበት ፍርሃት ነው፤ ወርቁን ያገኘውም ተመልካቹ ነው። ሆኖም ስለ መደባበቅና ስለ መታወቅ የሚተርክ ድርሰት በዚህ ዓይነት መታየቱ ድርሰቱን አልጎዳውም፤ እንዲያውም ተመልካቹን ሁሉ ዌን ከሺንግ አደረገው።

የሚያሳዝነው ኋላ የሆነው ነው። በኦገስት 2021 ጆው ዙሹን ሆኖ የተጫወተው ጃንግ ጀሃን ከጥቂት ዓመታት በፊት በቶኪዮ በያሱኩኒ መቅደስ አጠገብ የተነሣው ፎቶግራፍ ወጣ። በያሱኩኒ ከሚታሰቡት የጃፓን የጦርነት ሙታን መካከል 14ቱ በከባድ የጦር ወንጀል የተከሰሱ ናቸው። የቻይናውያንን ቁጣ የሚንቅ ሰው በ1937 በናንጂንግ የሆነውን ያላነበበ ነው። እኛም በዚያው በፈረንጆች ዓመት፥ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓመተ ምሕረት፥ የራሳችን አለን፤ በ2012 ጣልያን ውስጥ በአፊሌ ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሲሠራም ደማችን ፈልቷል። ስለዚህ ቁጣው ገባኝ። ቅጣቱ ግን አልገባኝም። ሰውየው ባለማወቄ ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከዚያ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ የተዋናዮች ማኅበር እንዳይሠራ ጥሪ አደረገ፥ ነጋዴዎቹ ውላቸውን አፈረሱ፥ ድራማውም ዌን ከሺንግን የተጫወተው ጎንግ ጁንና በመቶ የሚቆጠሩ ሌሎች ሠራተኞች የደከሙበት ሆኖ ሳለ ከዮኩ ወረደ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ የብሮድካስቱ ባለ ሥልጣን «ሴታ ሴት» ያላቸውን ወንዶች ከቴሌቪዥን የሚከለክል ትእዛዝ አወጣ፤ የዳንሜይ ልቦለዶች ወደ ድራማ መለወጣቸውም ተቋረጠ። ከአገሩ ውጭ ግን ሥራው ከሰው እጅ አልጠፋም፤ የእኅቴ ልጅም ያየችው ከወረደ በኋላ ነው።

ድራማውን በአንድ ነገር እወቅሰዋለሁ፤ ልጅቷም በዚህ ተከራክራኛለች። ሁለቱም ሰዎች ነፍሰ ገዳዮች ናቸው። አንዱ በመስፍን ትእዛዝ፥ ሌላው በበቀል ንጹሓንን ሳይቀር አጥፍተዋል። ድርሰቱ ለእነርሱ ትልቁን ስጦታ፥ የሚያውቅ ሰው ማግኘትን፥ ሰጣቸው፤ የሞቱት ግን አብዛኞቹ ስም እንኳ የላቸውም። ልጅቷ «ጉ ሺያንግስ?» አለችኝ። እውነት ነው፤ ጉ ሺያንግ በሠርጓ ዕለት ከሙሽራዋ ጋር ትሞታለች፥ ያም የወንድም ያህል ያሳደጋት የዌን ከሺንግ ዕዳ ሲከፈል ነው። ይህን ክፍል ባየንበት ማታ ሁለታችንም ብዙ አልተነጋገርንም። ዳሩ ግን ጉ ሺያንግን እናውቃታለን፤ እኔ የምጠይቀው ስለማናውቃቸው ነው።

በ36ኛው ክፍል ዌን ከሺንግ ምስማሮቹ የጨረሱትን ወዳጁን ለማዳን የገዛ ሕይወቱን ያፈስለታል፤ ጠጉሩም ነጭ ይሆናል፤ ተመልካቹም ሞተ ብሎ ይለያል። ለብቻው በተሠራ አጭር ጭማሪ ግን ሁለቱም በበረዶ ተራራ ላይ በሕይወት ሲገኙ ይታያሉ። የዳኑበት ጥበብ ሕይወትን ያረዝማል፥ ትኩስ ምግብ ግን ይከለክላል፤ የሚበሉት በረዶ፥ የሚጠጡት የበረዶ ውኃ ነው። የእኅቴ ልጅ ይህን መጨረሻ መልካም መጨረሻ ትለዋለች። እኔ ግን ያን ፀሐይ ሲሞቅ ያገኘነውን ሰው አስባለሁ፤ ከእንግዲህ ወዲህ ሙቅ ሾርባ እንኳ አይቀምስም፤ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ግን ይህን ሳይነገረው ያውቃል።