ስለ ቅን ነጋዴ

ነቀምቴ የወለጋ ከተማ ናት። በጥንት ዘመን ከጊምቢ፥ ከነጆና ከደምቢ ዶሎ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች በበቅሎና በአህያ ጭነው ወደ ገበያዋ ይገቡ ነበር። ጭነታቸውም ቡና፥ ማር፥ ሰም፥ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ነበረ። የወለጋ ምድር ወርቅ ስላለባት የወርቅ ነጋዴም አይታጣም ነበር። ወርቅ የሚመዘነው በወቄት ነበረ፤ አንዱ ወቄት የአንድ ማርያ ቴሬዛ ብር ክብደት ያህል፥ ይኸውም 28 ግራም ያህል ነው። ቡና ግን በፈረሱላ ይመዘናል፤ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ያህል ነው።

ሚዛን የዕቃውን ክብደት ያሳያል፤ የነጋዴውን ልብ ግን አያሳይም። ስለዚህ የነጋዴ ቅንነት የሚፈተነው ሚዛን በማያየው ነገር ነው። ለዚህም ምሳሌ የሚሆን ታሪክ ቀጥሎ ተጽፏል።

አንድ ነጋዴ በጊምቢ ገበያ 12 ፈረሱላ ቡና በአራት ጆንያ ገዛ። የጆንያዎቹን አፍ እየፈታ ላይ ላዩን ቢያይ ፍሬው ደረቅና ንጹሕ ነበረ። ዋጋውንም ከፍሎ ቡናውን በሁለት በቅሎዎች ጭኖ ከአሽከሩ ጋራ ወደ ነቀምቴ ተነሣ። የዲዴሳን ቆላ ወርዶ፥ ወንዙን ተሻግሮ፥ ደጋውን ወጥቶ ነቀምቴ ደረሰ። በማታም ቡናውን ለማግሥቱ ገበያ ሊያሰናዳ ጆንያዎቹን ፈታ። እጁን እስከ ክርኑ ድረስ ወደ ውስጥ ቢሰድ ከሥር ያለውን ቡና እርጥብ ሆኖ፥ ሻግቶም አገኘው። ከአራቱ ጆንያ ሁለቱ እንዲህ ነበሩ። ለካ ሻጩ ደረቁን ከላይ፥ እርጥቡን ከታች አድርጎ አታልሎታል። እርጥብ ቡና ከደረቁ ይልቅ ስለሚከብድ ሚዛኑም ለሻጩ አድልቶለት ነበር።

ነጋዴው ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ገንዘቡ ሁሉ የራሱ አልነበረም፤ ግማሹን ከባልንጀራው ተበድሮ ነበር። በቤቱም ሚስቱና ልጆቹ የዚያን ንግድ ትርፍ ይጠብቁ ነበር።

አሽከሩም ጌታው እንደ ተከዘ ባየ ጊዜ እንዲህ አለው፦ «ጌታዬ፥ አይዘኑ። ደረቁን ከላይ መልሰን እንሙላውና ነገ ለገበያ እናውጣው። ገዢው ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ አንድ ጊዜ ጭኖ ከሄደ አይመለስም። እኛንም ያታለሉን እንዲሁ ነው። እርስዎ ቡናውን አላበላሹትም፤ እንደ ገዙት ይሸጡታል።»

ነጋዴው ይህን ሲሰማ ልቡ ወደ ምክሩ አዘነበለ። አሽከሩ የተናገረው ውሸት አልነበረምና፤ ቡናውን ያበላሸ እርሱ አይደለም። ሌሊቱን ሁሉ ሲያወጣና ሲያወርድ አደረ። በነጋም ጊዜ አሽከሩን ጠርቶ እንዲህ አለው፦ «ልጄ፥ ትናንት የነገርኸኝ እውነት ነው። ተንኮሉን የጀመርሁት እኔ አይደለሁም። ነገር ግን ለእኔ የሸጠልኝም ሰው ይህን ቡና ከሌላ ሰው እንዲሁ ገዝቶት ይሆናል። እርሱም ‹እኔንም ያታለሉኝ እንዲሁ ነው› ብሎ ይሆናል። ዛሬ እኔ እንዲሁ ብል፥ ነገ ከእኔ የሚገዛው እንዲሁ ይላል። ታዲያ ይህ ክፉ ነገር በማን እጅ ላይ ያበቃል?»

አሽከሩ የሚመልሰው አጣ።

ነጋዴውም ወደ ገበያ ወጥቶ አራቱን ጆንያ በገዢው ፊት እስከ ታች ድረስ ዘረገፈ። ሁለቱን በሙሉ ዋጋ ሸጠ። ከቀሩት ከሁለቱ የሻገተውን ለይቶ ጣለ፤ ደኅናውን በፀሐይ አስጥቶ፥ የደረሰበትን ሳይሸሽግ ነግሮ በርካሽ ዋጋ ሸጠ። ገንዘቡ ግን ለዕዳው አልበቃም። ስለዚህ አንዲቱን በቅሎ ሸጦ የባልንጀራውን ብር መለሰ። በዚያም ዓመት በአንዲት በቅሎ ብቻ ነገደ።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ልጅ «ኋላ በእጥፍ ተከፈለው፤ ባለጠጋም ሆነ» የሚል መጨረሻ ይጠብቅ ይሆናል። ነገር ግን ቅንነት ሁልጊዜ በብር አይከፈልም። የተሸጠችው በቅሎ አልተመለሰችም፤ ልጆቹም በዚያ ዓመት አዲስ ልብስ አልለበሱም። ነጋዴው ያተረፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክፉው ነገር በእርሱ እጅ ላይ አበቃ፤ ወደ ሌላ ሰውም አልተላለፈም።

ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው ክፉ ነገር የሻገተ ቡና ሲሆን የሚጠፋው ገንዘብ ነው። የሚሸጠውና የሚለወጠው ሰው ሲሆን ግን የሚጠፋው የሰው ሕይወት ነው። ይህም ምሳሌ አይደለም፤ በኢትዮጵያ ምድር በእውነት የሆነ ነገር ነው። ነጋዴዎች ቡናና ማር በሚነግዱበት ዘመን ሰውን በገንዘብ የሚሸጡ ባሪያ ፈንጋዮችም ነበሩ።

በኢሉባቦር አገር በሁሩሙ አጠገብ ሂካ የሚባል ብላቴና ነበረ። የተወለደው በ1856 ገደማ ነው፤ በዚህ ጽሕፈት ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። ሂካ የሚለው ስም በኦሮምኛ መፍታትን ያመለክታል፤ ይኸውም የታሰረን መፍታት፥ ቋንቋንም መተርጐም ነው። አባቱ በሕፃንነቱ ሞተበት። በ1869 ፈንጋዮች ነጥቀው ወሰዱት። ራሱ ኋላ እንደ ጻፈው፥ ከዚያ ወዲያ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ በስምንት ጌቶች እጅ አለፈ።

ልጆች ሆይ፥ ይህን ነገር አስተውሉ። ብላቴናውን የነጠቁት ፈንጋዮች ነበሩ። ከእነርሱ በኋላ የገዙት ግን እያንዳንዳቸው «እኔ አልሰረቅሁትም፤ ዋጋውን ከፍዬ ገዛሁት፤ እንደ ገዛሁትም ሸጥሁት» ሊሉ ይችሉ ነበር። በገበያው ልማድ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። ዋጋ ከፍለዋል፤ ዋጋም ተቀብለዋል። የብላቴናውን ልቅሶ ግን ሚዛን አልመዘነውም።

በ1870 ሂካ ምጽዋ ደረሰ። በዚያም ቬርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ አገር ሰው ነጻ አወጣው፤ በስዊድን ወንጌላዊት ሚስዮንም ዘንድ እንዲማር አደረገው። መሸጡና መለወጡ በዚያ እጅ ላይ አበቃ። በ1872 በትንሣኤ በዓል ተጠመቀ፤ ስሙም አናሲሞስ ተባለ። ይህ የግሪክ ቋንቋ ስም ነው፤ ትርጓሜውም የሚጠቅም ማለት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት የተነሣው ባሪያም በዚህ ስም ይጠራ ነበር።

አናሲሞስ ነሲብ ወደ ስዊድን ሄዶ ተማረ፤ ከተመለሰም በኋላ መጻሕፍትን ወደ ኦሮምኛ ይተረጕም ጀመር። በዚህም ሥራ አስቴር ጋኖ የምትባል ሴት ረዳችው። እርስዋም በልጅነትዋ ተሸጣ በመርከብ ወደ ዐረብ አገር ስትወሰድ በ1886 ነጻ የወጣች ናት። ሁለቱ ያሰናዱት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ በ1894 ታተመ። መጽሐፍ ቅዱስም በሙሉ በኦሮምኛ ተተርጕሞ በ1899 በስዊስ አገር ታተመ። በ1904 አናሲሞስ ወደ ነቀምቴ መጣ። ገብረ እግዚአብሔር ተብለው የተጠመቁት የአገሩ ገዢ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ በመልካም ተቀበሉት። በዚያም ልጆችን እያስተማረ ኖሮ በ1931 በሰኔ ወር ዐረፈ።

እንግዲህ ትርፍን እናነጻጽር። ስምንቱ ጌቶች ከብላቴናው ያተረፉት ጥቂት ገንዘብ ነበር፤ ያም ገንዘብ ወዲያው ተበልቶ አለቀ። ነጻ ያወጣው ሰው ግን ለኪሱ ምንም አላተረፈም፤ ነገር ግን በወለጋ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች በገዛ ቋንቋቸው ማንበብን ተማሩ። ትርፍ ማለት ወደ ነጋዴው እጅ የሚገባው ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ምናልባት አንድ ሰው «ክፉውን ነገር መከልከል የሕግ ሥራ ነው» ይል ይሆናል። እርግጥ ሕግ ያስፈልጋል። ነገሥታት በየጊዜው የሰውን ንግድ ከልክለዋል፤ በ1924 ባሮች ነጻ የሚወጡበት ሥርዓት ተደነገገ፤ በ1942 ደግሞ ባርነት በዐዋጅ ፈጽሞ ተሻረ። ነገር ግን አናሲሞስ ከተነጠቀበት ዓመት ጀምሮ እስከዚያ ዐዋጅ ድረስ 73 ዓመት አልፏል። ልማድ ከሕግ ይልቅ ሥር ሰድዶ ነበርና። በእነዚያ ዓመታት «በዚህ ንግድ እጄን አላስገባም» ያለ ነጋዴ ቢኖር፥ እንዲህ ያሰኘው ቅጣትን መፍራት አልነበረም፤ የገዛ ልቡ ፍርድ ነበረ። ሕግ ሳይደርስበት፥ ሰውም ሳያየው ክፉን የሚተው እርሱ ቅን ነጋዴ ነው።

ልጆች ሆይ፥ ይህ ነገር የትልልቅ ነጋዴዎች ብቻ አይደለም። እናቱ እንቁላል እንዲሸጥ ወደ ገበያ የላከችው ልጅ አንዱ እንቁላል እንደ ተበላሸ ቢያውቅ ምን ያደርጋል? ከመካከል ደብቆ ይሸጠዋልን? ባለሱቁ ተሳስቶ መልስ ቢያበዛለት ዝም ብሎ ይሄዳልን? ሐሰተኛ ገንዘብ በእጁ ቢገባ፥ ለማያውቅ ሰው ሰጥቶ ይገላገለዋልን?

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም «ሌላውም ሰው እንዲሁ ያደርጋል» የሚል አሳብ ፈጥኖ ወደ ልብ ይመጣል። በዚያን ጊዜ ነጋዴው በነቀምቴ ሌሊቱን ሁሉ ያሰበውን ጥያቄ ማስታወስ ይገባል፤ ይህ ክፉ ነገር በማን እጅ ላይ ያበቃል? መልሱንም ከሌላ ሰው መጠበቅ አያሻም። የተበላሸውን እንቁላል ለይቶ ያወጣ፥ የበዛውን መልስ የመለሰ፥ ሐሰተኛውን ገንዘብ በእጁ ያስቀረ ልጅ መልሱን ሰጥቷል። ወደ ቤቱም የሚገባው ምናልባት በጥቂት ሳንቲም ጐድሎ ነው፤ ነገር ግን የሚሸሽገው ነገር ስለሌለ የእናቱን ዓይን ሳይፈራ ያያል።