በመስኮት የዘለለችው አምደኛ

ባለፈው ቅዳሜ ተጣላን። የገንዘብ ወይም የፍቅር ጠብ እንዳይመስላችሁ። ያጣላችን ከሞተች ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናት አንዲት ጀርመናዊት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራታችን በአንዷ ጓደኛችን ቤት ተሰብስበን፣ ቡና እየተፈላ፣ ስለ ባደር ማይንሆፍ ቡድን በ2008 የተሠራውን ፊልም እያየን ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ኡልሪከ ማይንሆፍ በመስኮት ዘልላ ስትወጣ አንዱ ጓደኛችን «እንዲህ ነው እንጂ!» ብሎ አጨበጨበ። ሌላዋ ሲኒዋን አስቀመጠችና «ምኑ ነው የሚጨበጨብለት?» አለችው። አቦል ላይ የተጀመረ ክርክር በረካ ላይ ኩርፊያ ሆነ።

ጉዳዩ የከነከነን ሴትየዋ እንደኛው አምደኛ ስለነበረች ነው። ሐምቡርግ ይታተም በነበረው «ኮንክሬት» መጽሔት ላይ ለዓመታት ጽፋለች፤ ዋና አዘጋጅም ነበረች። ብዕሯ የታወቀ፣ ቴሌቪዥን የሚጋብዛት፣ የመንታ ልጆች እናት ነበረች። እንዲህ ያለች ሰው ብዕሯን ጥላ ሽጉጥ ወዳነሱት የሄደችው ለምንድነው?

እስቲ መጀመሪያ ንዴቷን እንስማላት፤ ንዴቷ እውነት ነበረውና። ከ1966 እስከ 1969 የምዕራብ ጀርመን መራሔ መንግሥት የነበረው ኩርት ኪሲንገር የቀድሞ የናዚ ፓርቲ አባል ነው። ልጆች አባቶቻቸውን «በጦርነቱ ጊዜ ምን ትሠራ ነበር?» ብለው ሲጠይቁ የሚያገኙት መልስ ዝምታ ነበር። ሰኔ 2 ቀን 1967 የኢራኑ ሻህ ምዕራብ በርሊንን ሲጎበኝ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ። ቤኖ ኦነዞርግ የተባለ የ26 ዓመት ተማሪ በፖሊስ ጥይት ተመትቶ ሞተ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። የተኮሰው ፖሊስ ካርል ሃይንስ ኩራስ ፍርድ ቤት ቀርቦ በነፃ ተሰናበተ። (ሰውየው የምሥራቅ ጀርመን የስለላ ድርጅት ተባባሪ እንደነበረ የታወቀው በ2009 ነው። የታሪክን ቀልድ ማን ይችላል?) በሚያዝያ 1968 ደግሞ የተማሪዎቹ መሪ ሩዲ ዱችከ መንገድ ላይ በጥይት ተመታ። ለጊዜው ቢተርፍም በ1979 በዚያው ጉዳት ምክንያት ሞቷል።

ፍርድ ቤት በሩን ሲዘጋ ሰው ሌላ በር መፈለጉ አይቀርም። እዚህ ድረስ ያጨበጨበው ጓደኛችን ልክ ነው።

ማይንሆፍ ግን ከሁሉ በላይ የምትጽፍለት ሌላ ጉዳይ ነበራት። ያኔ ምዕራብ ጀርመን ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች በማሳደጊያ ቤቶች ይኖሩ ነበር። ወላጅ የሞተባቸው ብቻ አይደሉም። «ባለጌ»፣ «አስቸጋሪ» የተባሉም ይገቡ ነበር፤ ሳያገቡ ከወለዱ እናቶች የተወሰዱም ነበሩ። ብዙዎቹ ይደበደቡ፣ ለብቻቸው ይቆለፍባቸው፣ ያለ ደመወዝ ይሠሩ ነበር። ማይንሆፍ እዚያ ያሉ ልጃገረዶችን አነጋገረች፣ ጻፈች፣ በመጨረሻም «ባምቡለ» የተሰኘ የቴሌቪዥን ፊልም ድርሰት አዘጋጀች። ፊልሙ ተቀርጾ አልቆ በግንቦት 1970 መጨረሻ ሊታይ ቀጠሮ ተይዞለት ነበር።

እሷ ግን ግንቦት 14 ዘለለች። አንድሬያስ ባደር በሱቅ ቃጠሎ ተፈርዶበት ታስሮ ነበር። ከማይንሆፍ ጋር መጽሐፍ ሊጽፍ ነው ተብሎ በጠባቂዎች ታጅቦ ወደ አንድ የምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት መጣ። ጓደኞቹ ታጥቀው ገቡ። በተኩሱ የተቋሙ አንድ ሠራተኛ ክፉኛ ቆሰለ። ባደርም ማይንሆፍም በመስኮት ዘለው ሄዱ። የቀይ ጦር ቡድን የሚባለው ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያ ቀን ነው።

ፊልሙስ? ተሰረዘ። ቴሌቪዥን ላይ የታየው በ1994 ነው። ድምፃቸው እንዲሰማ ስትደክምላቸው የኖረችው ልጃገረዶች ሃያ አራት ዓመት ጠበቁ። እኛ ይህን ስናነብ ደነገጥን። ሽጉጡ መጀመሪያ የመታው የራሷን ብዕር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የደም ታሪክ ነው፤ ባጭሩ እንለፈው። በግንቦት 1972 በአሜሪካ ጦር ሰፈሮች ላይ በተጣሉ ቦምቦች አራት ወታደሮች ሞቱ። በሐምቡርግ የሽፕሪንገር ጋዜጦች ሕንጻ ላይ በፈነዳው የቆሰሉት ደግሞ እዚያው የሚሠሩ ሠራተኞች ናቸው። ማይንሆፍ በዚያው ዓመት ተያዘች፤ በ1976 እስር ቤት ውስጥ ሞታ ተገኘች። በ1977 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ዚግፍሪድ ቡባክ ሲገደል ሾፌሩም አብሮ ተገደለ። የአሠሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንቱ ሃንስ ማርቲን ሽላየር ሲታገት ሾፌሩና ሦስት ፖሊሶች እዚያው ወደቁ። ልብ በሉልን፤ ትግሉ «ለሠራተኛው» ነው ተብሎ ሾፌር እየሞተ ነበር!

መንግሥትም ይህን ሁሉ እያየ በሩን አጠበበ። ገና በ1972 የመንግሥት ሥራ ፈላጊዎች አመለካከታቸው እንዲጣራ የሚያዝ ውሳኔ ወጥቶ ነበር። ጥይት ነክተው የማያውቁ አስተማሪዎች በዚህ ሳቢያ ሥራ ተከለከሉ። በ1977 ደግሞ እስረኛን ከጠበቃው ጋር እንኳ እንዳይገናኝ የሚያደርግ ሕግ በጥድፊያ ጸደቀ።

ታዲያ አገሪቱ አልተለወጠችም? ተለውጣለች እንጂ! የመምረጫ ዕድሜ በ1970 ከ21 ወደ 18 ወረደ። ያገባች ሴት ከቤት ውጭ የምትሠራው የትዳርና የቤት ግዴታዋን እስካላወከ ድረስ ነው ይል የነበረው ሕግ ተሻረ። አዲሱ ሥራ ላይ የዋለው በሐምሌ 1977 ነው፤ በዚያው በደሙ ዓመት አጋማሽ። ጋዜጦቹ ስለ ጥይት ሲጽፉ ይህን ሕግ ሲገፉ የኖሩት ሰዎች ስም ፊተኛው ገጽ ላይ አልወጣም። የማሳደጊያ ቤቶቹም ቀስ በቀስ ተለወጡ። ያደጉባቸው ሰዎች፣ አርጅተው፣ በራሳቸው አፍ መናገር ጀመሩ። ፓርላማው ጉዳያቸውን የሚመረምር መድረክ አቋቁሞ በ2010 ሪፖርቱ ወጣ፤ በ2012 የመርጃ ገንዘብ ተመደበ። ዘግይቷል፤ ግን ደርሷል።

ሌላም አለ። በ1998 የቀይ ጦር ቡድን መፍረሱን በደብዳቤ አስታወቀ። ከሠላሳ በላይ ሰው ገድሎ፣ አንድም የረባ ሕግ ሳያስለውጥ። በዚያው ዓመት በፍራንክፈርት ጎዳናዎች ከፖሊስ ጋር ይደባደብ የነበረው ዮሽካ ፊሸር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። የቡድኑ እስረኞች ጠበቃ የነበረው ኦቶ ሺሊ ደግሞ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር! ከአንድ ንዴት ተነስተው እነዚያ በመስኮት ወጡ፤ እነዚህ በበር ገቡ።

ይህን ሁሉ አውርተን «አሸነፍን» ባልንበት ሰዓት ነው የጓደኛችን አጎት ከጥግ ወንበራቸው የተናገሩት። ጋሼ ያኔ ምዕራብ ጀርመን ተማሪ ነበሩ።

«ልጆች፣ እኛም ያኔ አጨብጭበናል» አሉ።

ዝም አልን። ለካስ ታሪኩ የኛም ነው። ማይንሆፍ ስትጽፍባት በኖረችው ሐምቡርግ መኢሶን በ1968 ተመሠረተ። እሷ በዘለለችባት ምዕራብ በርሊን ኢሕአፓ በሚያዝያ 1972 ተመሠረተ፤ የቀይ ጦር ቡድን ቦምቦች ከመፈንዳታቸው አንድ ወር ቀደም ብሎ። በሚያዝያ 1977 ቡባክ በተገደለ በአሥረኛው ቀን መንግሥቱ ኃይለማርያም አዲስ አበባ ላይ ቀይ ፈሳሽ የሞሉ ጠርሙሶችን ከሰከሰ። በጥቅምት የተጠለፈው የሉፍታንዛ አውሮፕላን ሞቃዲሾ ሲያርፍና የጀርመን ኮማንዶዎች 86ቱን መንገደኞች ሲያስለቅቁ የዚያድ ባሬ ጦር ጅጅጋን ይዞ ነበር። እነዚያ ከሠላሳ በላይ ሙታንን ዛሬም በስም ይቆጥራሉ። የኛዎቹ ድርጅቶች እርስ በርስ ተገዳደሉ፤ ደርግ ሁለቱንም በላ፤ ሙታኑን በቅጡ የቆጠረልን የለም። እናቶቻችን «ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ» የሚሉን ከዚያ ወዲህ ነው።

«እዚያ በር ነበረ» አሉ ጋሼ። «ጠባብ ቢሆንም ነበረ። ፍርድ ቤት፣ ምርጫ፣ ጋዜጣ ነበረ። በር ያለውን ቤት በመስኮት የሚዘል ሰው ለሌላውም በሩን ያዘጋበታል። እኔ ስመለስ ግን አዲስ አበባ በር አልነበራትም።»

ያጨበጨበው ጓደኛችን ጠየቃቸው። «በር በሌለበትስ፣ ጋሼ?»

ሲኒያቸውን አዙረው አዙረው «እሱን እኔም አልመለስኩትም። መስኮቱን የመረጡ ጓደኞቼ ግን አንዳቸውም ሊነግሩኝ አልቆዩም» አሉ።

እኛም መልስ ይዘን አልመጣንም። ለበር የሚታገል ሰው ፊተኛ ገጽ ላይ ላይወጣ እንደሚችል፣ ሃያ አራት ዓመትም ሊፈጅበት እንደሚችል ግን አይተናል። በወጣት ትከሻ ይህ ረጅም ነው። በየቀኑ ስለ ጠመንጃ በምንሰማበት አገር ደግሞ ከረጅምም በላይ ይረዝማል።

ሰኞ ማታ ያኮረፈው ጓደኛችን መልእክት ላከ። «ፊልሙን የት አገኘዋለሁ?»

«አይተኸዋል እኮ!» አልነው።

«እሱን አይደለም» አለ። «የልጃገረዶቹን።»