ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር፤ የኮርያው ፊልምና የአያቴ በጎች

ደብረ ብርሃንን በኅዳርና በታኅሣሥ ሳያይ ብርድን አውቃለሁ የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትመኑት። ከተማይቱ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነፋሱ ከሜዳው ይነሣና ሰውን ሁሉ ወደየቤቱ ያስገባዋል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ከሰማይ የወረደ ብርሃን አይተው ስሟን እንዳወጡላት ይነገራል። እኛ መምህራን ግን «ብርሃኑ ሲወርድ ሙቀቱን ለምን ረስቶት መጣ?» እያልን እንቀልዳለን።

እንዲህ ባለው ምሽት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ኮምፒዩተሩን በብብቱ ይዞ ወደ ኪራይ ክፍሌ መጣ። ነገሩን የጀመሩት ተማሪዎቼ ናቸው። በዕረፍት ሰዓት አንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲቆጥር ሌሎቹ ይሮጣሉ፤ ዞር ሲል ሁሉም እንደ ድንጋይ ደርቀው ይቆማሉ። ከየት እንዳመጡት ብጠይቃቸው «ቲቸር፣ ስኩዊድ ጌምን አላዩም እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ስለዚህ ከባልደረባዬ ጋር በአንድ ጋቢ ተጠቅልለን፣ የገብስ ቆሎ በመካከላችን አስቀምጠን፣ ዘጠኙን ክፍል በሁለት ሌሊት ጨረስነው።

እንደ እኔ ዘግይታችሁ ላላያችሁት ታሪኩ ይህ ነው። መስከረም 7 ቀን 2014 ዓ.ም. በኔትፍሊክስ የወጣው ይህ ተከታታይ ፊልም፣ በዕዳ የተጨነቁ 456 ሰዎች ወደ አንድ ደሴት ተወስደው የልጆች ጨዋታ ሲጫወቱ ያሳያል። ያሸነፈ ያልፋል፤ የተሸነፈ ይገደላል። ለእያንዳንዱ ሰው 100 ሚሊዮን የኮርያ ዎን ስለ ተተመነለት፣ የመጨረሻው አሸናፊ የሚወስደው 45.6 ቢሊዮን ዎን ነው። ብይ አለ፤ ገመድ ጉተታ አለ። ስያሜውን የሰጠው ጨዋታም እንደኛ ሰኞ ማክሰኞ መሬት ላይ ተሥሎ የሚዘለል ነው።

ደሙ ብዙ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ደሙ አይደለም። ዋናው ሰው ሴኦንግ ጊ ሁን ሥራ የሌለው ጎልማሳ ሲሆን፣ ገና በመጀመሪያው ክፍል የእናቱን የባንክ ካርድ ሰርቆ በፈረስ እሽቅድድም ይወራረዳል። ይህን ሳይ ጋቢውን ወደ ፊቴ ሳብሁት። ባልደረባዬ «ፈራህ እንዴ?» አለኝ። ዝም አልሁት።

ለእርሱ ያልነገርሁትን ለእናንተ ልንገራችሁ። ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብዬ አንኮበር ለሚኖሩት ሴት አያቴ «የቤት ኪራይ ቸገረኝ» ብዬ ነበር። እርሳቸውም ሁለት በግ ሸጠው 12,000 ብር ሰጡኝ። ገንዘቡ በሦስት ቅዳሜ በኳስ ውርርድ አለቀ።

በሁለተኛው ክፍል ተጫዋቾቹ ድምፅ ሰጥተው፣ 101 ለ100 በሆነ ብልጫ፣ ጨዋታው ቆሞ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ነገር ግን ከ201 ሰዎች 187ቱ በገዛ ፈቃዳቸው ተመለሱ። እኔም ከመጀመሪያው ቅዳሜ በኋላ ወደ ውርርዱ ቤት የተመለስሁት ማንም ሳይጎትተኝ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጧት አንኮበር በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። መንገዱ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ገብስና ባቄላ የበቀለበትን፣ በግ የተሠማራበትን ሜዳ እያቋረጣችሁ ትሄዱና ድንገት ምድሩ ከፊታችሁ ይቆረጣል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች በገደሉ አፋፍ ሣር ሲነጩ ታያላችሁ፤ ከታች በስተ ምሥራቅ የአፋር ቆላ በጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴና በኋላም የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ ከዚሁ አፋፍ ላይ ነው። ዋና ከተማው ወደ እንጦጦ ከተዛወረ ወዲህ ከአሮጌው ሕንፃ የቀረው ጥቂት ግንብ ሲሆን፣ በቦታው በቤተ መንግሥት አምሳል የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቶበታል።

አያቴን ከምድጃው አጠገብ አገኘኋቸው። ለመናዘዝ ድፍረት ስላጣሁ ስልኬን አውጥቼ ፊልሙን አሳየኋቸው፤ ንግግሩንም እየተረጐምሁ ነገርኋቸው።

«ይህ ያ ኮርያ ነው? አያትህ የዘመቱበት?» አሉ።

ወንድ አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከክብር ዘበኛ ተመርጠው የዘመቱ የቃኘው ወታደር ነበሩ። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ የተነሣው በ1943 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሲሞቱ አንድም ሰው አልተማረከም። አያቴ ግን ስለ ጀግንነታቸው ብዙም አያወሩም ነበር። የሚያወሩት ባዶ ቆርቆሮ ይዘው በሰፈሩ አጥር ሥር ስለሚቆሙ የኮርያ ሕፃናትና ምግባቸውን ስላካፈሏቸው ወታደሮች ነበር።

«እንግዲህ ጠግበው እንዲህ ሆኑ?» አሉ ሴት አያቴ።

ፊልሙን የደረሰው ሁዋንግ ዶንግ ህዮክ የሚባል ሰው መሆኑን፣ ታሪኩን የጀመረውም እርሱ ራሱ በገንዘብ በተቸገረበት ጊዜ እንደ ሆነና አሥር ዓመት ያህል የሚሠራለት አጥቶ እንደ ቆየ ነገርኋቸው። አገሩን ለማስወቀስ እንጂ በግድያ ለመደሰት እንዳልጻፈው አስረዳሁ።

«በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም» አሉ። «የተሸነፈውም ሲሰደብ ውሎ ማታ ከአሸናፊው ጋር አብሮ ይበላል። የእነዚህ ግን ጨዋታ አይደለም።»

ከዚህ በኋላ መቆየት አልቻልሁም። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» ብዬ የበጎቹን ነገር ሳልደብቅ ተናገርሁ። እሳቱን ቆስቁሰው ጥቂት ዝም አሉ።

«ኪራይ እንዳልነበረ ያን ዕለት ዐይንህን ስትሰብር ዐውቄአለሁ» አሉኝ። «በየወሩ አንድ አንድ ሺህ ትከፍላለህ። በቴሌብር እንዳትልክ፤ ራስህ አምጣልኝ።»

አንባቢዎች ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ወር ሳይሞላ ደመወዙን በውርርድ ቲኬት የጨረሰ ወጣት ጸሐፊ፣ ወይም የኪሱን ገንዘብ በዚሁ ያጠፋ ተማሪ ቢኖር፣ ምክር የምሰጠው እኔ አይደለሁም። ነገር ግን ካበደረው ሰው ፊት ቀርቦ እውነቱን ይናገር። የፊልሙ ሰዎች ዕዳቸውን ደብቀው ነው ወደዚያ ደሴት የተጓዙት።

እስካሁን አራት ጊዜ ሄጃለሁ፤ 8,000 ብር ይቀረኛል። የፊልሙ ሁለተኛና ሦስተኛ ምዕራፎች በ2017 ዓ.ም. ወጥተዋል፤ ባልደረባዬም አብረን እንድናያቸው ዘወትር ይጠይቀኛል። በጎቹን ከፍዬ ስጨርስ አያቸዋለሁ ብዬዋለሁ።