የፈቀዱት ለማን ነው?
እንግሊዛዊቷ የብራይተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1980 ራቁታቸውን ፀሐይ ለሚሞቁና ለሚዋኙ ሰዎች የባሕር ዳርቻ ለየች። ቦታውን የሚከልለው ከፍ ብሎ የተከመረ ጠጠር ነው፤ ልብሱን ያወለቀውንም፣ ማየት የማይፈልገውን መንገደኛም እኩል ይጠብቃል። የስልክ ካሜራን ግን አያቆምም። «በአደባባይ ተራቁተው ምን ገመና ይጠብቃሉ?» የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። እዚያ የተኛ ሰው መታየትን የፈቀደው አጠገቡ እንደሱ ለተራቆቱት፣ ለዚያችው ሰዓት ብቻ ነው። ፎቶው ግን ሳይጠየቅ መሥሪያ ቤቱ ድረስ፣ ልጆቹም ዘንድ ሊደርስ ይችላል፤ ተመልሶም አይሰበሰብም። በፈረንሳይ፣ ካፕ ዳግድ በሚገኘው የራቁታውያን መንደር ያለፈቃድ ሰው ፎቶ ማንሳት ክልክል መሆኑ ተገቢ ነው።

በአደባባይ የመራቆትን ልማድ አጥብቆ መንቀፍ ይቻላል፤ ለእኛም አገር ይሁን አልልም። ነቀፋው ግን አድፍጦ ለሚቀርጽ ሰው መብት አይሰጥም። እሱን የሚያስጠይቅ ደንብ፣ ደንቡንም የሚያስከብር ጠባቂ ያስፈልጋል።